«ሲፒኤል» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ሲፒኤል አይደለም፦ ወሎ ውስጥ ፊልተር ልትገዙ ላሰባችሁ

ለገና ላሊበላ ለመውጣት ወይም ለጥር ሠርግ ዕቃ ለማሟላት ሰሞኑን ፖላራይዘር፣ ማለትም ሌንስ ፊት ታስሮ ነጸብራቅ የሚያጠፋ ፊልተር፣ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይችን አንብቡ። ዓይነቱ ሁለት ነው፦ ሊኒየርና ሰርኩላር፤ «ሲፒኤል» የሚባለው ሰርኩላሩ ነው። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ላይ ሊኒየር ፖላራይዘር በሰርኩላር ዋጋ እየተሸጠ ነው። ጠርዙ ላይ «ሲፒኤል» ታትሞበት ውስጡ ሊኒየር የሆነ አለ። «ፒኤል» ብቻ የተጻፈበትን ደግሞ «ያው ነው፣ ኦርጅናል ነው» ብለው የሚሰጡ አሉ። ከሁሉም የከፋው ጠቆር ያለ ተራ መስታወት በሚዞር ቀለበት ውስጥ ከትቶ ማቅረብ ነው። ሦስቱም እጅ ላይ ሲያዙ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ካሜራ ላይ ሲታሰሩ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ተጠቅማችሁበታል፣ አልመልስም» ይመጣል።

ያው አይደሉም። የፀሐይ ብርሃን በየአቅጣጫው እየተርገበገበ ይመጣል፤ ውሃ፣ መስታወትና ቅጠል ላይ አርፎ ሲመለስ ወይም ሰማይ ላይ ሲበተን ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል። ፖላራይዘር ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ያንን አቅጣጫ ይዘጋል። ነጸብራቅ የሚጠፋውም፣ ሰማዩ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ሊኒየሩና ሰርኩላሩ እኩል ናቸው፤ «ሰርኩላሩ ቀለሙ ያምራል» የሚላችሁ ሰው ካለ ዕቃውን አያውቀውም። ሰርኩላሩ የሚለየው ከኋላው፣ በሌንሱ በኩል፣ ሩብ ሞገድ የሚባል ሁለተኛ ሽፋን በ45 ዲግሪ ስለተለጠፈበት ነው። ይህ ሽፋን አንድ አቅጣጫ ይዞ የወጣውን ብርሃን እየተሽከረከረ ወደ ካሜራው እንዲገባ ያደርገዋል።

ይህ ያስፈለገው በዲኤስኤልአር ካሜራ አሠራር ምክንያት ነው። ቦዲው ውስጥ ያለው መስታወት መሃሉ ላይ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል። ያለፈው ከኋላ ባለች ትንሽ መስታወት ወደ ታች ተመልሶ አውቶ ፎከሱ ዘንድ ይደርሳል፤ የቀረው ወደ ላይ ወጥቶ በዓይን ለምታዩበት ቪው ፋይንደርና ብርሃን ለሚለካው ላይት ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ከፊል መስታወት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲመጣበት፣ የሚያሳልፈውም የሚመልሰውም መጠን እንደ አቅጣጫው ይለዋወጣል። ስለዚህ ሊኒየሩን ባዞራችሁ ቁጥር ላይት ሜትሩ ሌላ ነገር ይነግራችኋል፤ አንዱ ፎቶ ይቃጠላል፣ ቀጣዩ ይጨልማል። አውቶ ፎከሱም ወዲያ ወዲህ ይዋልላል፣ ወይ ድምፅ ሰጥቶ ያዘ ካላችሁት በኋላ ፎቶው ደብዝዞ ይወጣል። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ ይህ ከደረሰ ውረጅ ድገሚ አይባልም። የሚያናድደው ደግሞ ችግሩ ሁልጊዜ አለመታየቱ ነው፤ ቀለበቱ በአንድ ማዕዘን ሲቆም ደህና ይሠራል፣ ትንሽ ሲዞር ይከዳል። ጥፋቱ የፊልተሩ ሆኖ ሳለ ሌንሱ የሚጠረጠረውና ለጥገና የሚሄደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈትሹ። የሚያስፈልጋችሁ ባለሱቁ ሒሳብ የሚሠራበት ካልኩሌተርና አንድ የፊት መስታወት ብቻ ነው። ካልኩሌተሩን አብሩና ቁጥር ጻፉበት። የፊልተሩ ጥርስ፣ ማለትም ሌንስ ላይ የሚታሰርበት ወገን፣ ወደ እናንተ ይሁን፤ የሚዞረው ቀለበት ወደ ካልኩሌተሩ። በፊልተሩ ውስጥ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ፖላራይዘር ከሆነ የሆነ ቦታ ሲደርስ ስክሪኑ ከነቁጥሩ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ ሩብ ዙር ስታዞሩት መልሶ ይገለጣል። ምንም ለውጥ ከሌለ በእጃችሁ ያለው ተራ መስታወት ነውና አስቀምጡት።

ከጠቆረ ገልብጡት፤ አሁን ጥርሱ ወደ ካልኩሌተሩ ይዙር። እንደገና አዙሩ። ሰርኩላር ከሆነ በዚህ ወገን ድፍን ብሎ አይጠቁርም፤ ጥቂት ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ እያለ ቁጥሩ እንደተነበበ ይቀጥላል። ሊኒየር ከሆነ እንደ መጀመሪያው ድፍን ጥቁር ይላል። የሞባይል ስክሪን ለዚህ ፍተሻ አትጠቀሙ፤ አንዳንዱ ስክሪን የራሱ ሽፋን ስላለው ያሳስታል።

ለማረጋገጥ ወደ መስታወቱ ሂዱ። ፊልተሩን አንድ ዓይናችሁ ላይ ያዙ፣ ሌላውን ጨፍኑ፣ ጥርሱ ወደ መስታወቱ ይሁን። ትክክለኛ ሲፒኤል ከሆነ መስታወቱ ውስጥ የምታዩት ፊልተር ጠቁሮ ዓይናችሁን ይጋርደዋል፤ ስትገለብጡት ዓይናችሁ ይታያል። በሁለቱም ወገን ዓይናችሁ ከታየ ሰርኩላር አይደለም። ካሜራችሁን ከያዛችሁማ የበለጠ ነው፦ ቅባት ቀለም ያልተቀባ፣ የማያብለጨልጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩ፣ አይኤስኦውንና አፐርቸሩን አጽኑ፣ ሸተሩን በግማሽ ተጭናችሁ ፊልተሩን አዙሩ። ሸተር ስፒዱ ከተዘላለለ ሊኒየር ነው። ይህን ስታደርጉ ባለሱቁ ቢቆጣ አብሽሩ፣ አትፈሩ፤ የዕቃውን ልክ የሚያውቅ ነጋዴ ራሱ ካልኩሌተሩን ያቀብላችኋል።

ሦስት ሆኖ በትንሽ ቦርሳ የሚመጣውን ስብስብም ልብ በሉ። ዩቪ፣ ሲፒኤልና ኤፍኤልዲ ይይዛል። ኤፍኤልዲው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሲሆን በፊልም ዘመን የፍሎረሰንት መብራት የሚያመጣውን አረንጓዴነት ለማረም የተሠራ ነው፤ ዛሬ ይህን ዋይት ባላንስ፣ የካሜራው የቀለም ማስተካከያ፣ ይጨርሰዋል። ዩቪውም ዲጂታል ካሜራ ላይ ሌንሱን ከጭረት ከመከለል ያለፈ ፋይዳ የለውም ማለት ይቻላል። ለሦስት ትከፍላላችሁ፣ የምትፈልጉት ግን አንዱን ነው፤ እሱንም ሳትፈትሹ አትቀበሉ። «ኤንዲ 2-400» የተጻፈበትም ሲፒኤል አይደለም። እሱ ሁለት ፖላራይዘር ተደራርበው ብርሃን የሚቀንሱበት ስለሆነ ግድግዳው ላይ ሲዞር ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይጨልማል።

ዓይነቱ ትክክል ሆኖ ጥራቱ የወረደም ሞልቷል። ዋይት ባላንሱን አውቶ ላይ ሳይሆን ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ ነጭ ነጠላ በፊልተሩና ያለ ፊልተሩ አንሱ። ትንሽ መሞቅ ያለ ነው፤ ነጠላው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ሠርጉን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስታርሙ ልታድሩ ነው። ቀጥሎ ሌንሱን እስከ መጨረሻ አቅርባችሁ ራቅ ያለ የሱቅ ታፔላ አንሱ፤ ፊደሉ በፊልተሩ ከፈዘዘ መስታወቱ ጠፍጣፋ አይደለም። የአምፖል ነጸብራቁንም እዩ፦ ሽፋን የተቀባው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ይመልሳል፣ ያልተቀባው አምፖሉን ነጭ አድርጎ ያሳያችኋል። የምትገዙት ፊልተር ልክ ሌንሱ ፊት ላይ ከተሰረዘ ክብ ምልክት አጠገብ ተጽፏል፤ 58፣ 67፣ 77 ሚሊ ሜትር የተለመዱት ናቸው። ብዙ ሌንስ ካላችሁ ለትልቁ አንድ ደህና ገዝታችሁ ለሌሎቹ ማሳደጊያ ቀለበት ጨምሩ። ትንሽ ፊልተር በትልቅ ሌንስ ላይ ማሰር ግን የፎቶውን ማዕዘኖች ያጠቁራል።

«ሰማዩን ሁልጊዜ ሰማያዊ ያደርጋል» የሚለውን ማሻሻጫም አትመኑ። ፖላራይዘር በጣም የሚሠራው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በራቀው ሰማይ ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስትወጣ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አንሱ፤ ወደ ፀሐይ ወይም ፀሐይን ጀርባ ሰጥቶ ማንሳት ምንም አይሰጥም። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች ለውጡ ያለው ወደ አድማሱ ዝቅ ብሎ ነው። ደሴም ላሊበላም 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ሰማያቸው ያለ ፊልተርም ጥልቅ ነው፤ እስከ ጥግ ካዞራችሁት ቤተ ጊዮርጊስ ጥቁር ሰማይ ሥር ይቀራል። በ18 ሚሊ ሜትር ሰፋ አድርጋችሁ ስታነሱ የሰማዩ አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ይገረጣል። ሐይቅ ላይ የውሃው ብልጭታ የሚጠፋው ከውሃው ወለል 37 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላችሁ ስታዩ ነው። የሙሽራ መኪና መስኮትና ቀለም ላይም በደንብ ይሠራል፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የብር መስቀል ብልጭታ ግን ብረት ስለሆነ አይጠፋም። ፍልፍል ቤተ መቅደሶቹ ውስጥ ስትገቡ አውልቁት፤ ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይበላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወርዱም ዳሽ ቦርድ ላይ ትታችሁት አትሂዱ፤ ሽፋኑን የሚይዘው ሙጫ በሙቀት ይለቃል።

ስትገዙ ደረሰኙ ላይ «ሰርኩላር ፖላራይዘር» ተብሎ ከነልኩ ይጻፍላችሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ ዓይነትና ጥራት ሸማችን ማሳሳትን ይከለክላል፤ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ለመሄድም ያ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ካሜራችሁ ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ ያ መስታወት የሌለው፣ ከሆነ ለሰርኩላር ስም ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። ፎከሱም ሜትሩም ከሴንሰሩ ላይ ስለሚሠራ ሊኒየር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ያገለግላችኋል፤ በሊኒየር ዋጋ ግን ይሁን። ዲኤስኤልአር ይዛችሁ ሊኒየር የገዛችሁም ዕቃውን አትጣሉት። ላይቭ ቪው አብሩ፣ ማለትም በካሜራው ስክሪን እያያችሁ አንሱ፤ መስታወቱ ስለሚነሳ ችግሩ አብሮ ይነሳል። በቪው ፋይንደር ማንሳት ግድ ከሆነ ፊልተሩን መጀመሪያ አዙራችሁ ጨርሱ፣ ኤክስፖዠሩን በማኑዋል ያዙ፣ አንድ ሙከራ አንስታችሁ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ግራፍ) እዩ፣ ፎከሱንም በእጅ አድርጉ።