ፒያሳ ላሉት የአልትራሳውንድ ሐኪም

ፒያሳ አካባቢ የሚሠሩ አንድ የአልትራሳውንድ ሐኪም አሉ። ስሜን አትጥሪ ስላሉኝ እዚህ አልጽፍም። የሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቦታቸውን እነግረዋለሁ።

የ11 ዓመት ልጄ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። አያቷ "እንቅርት ነው" አሉ። የወሰድኳት ክሊኒክ ንፍፊት ነው ብሎ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዘላት። ስለማያማት እኔም ተዘናጋሁ። አራት ወር እንዲሁ አለፈ።

እኚህ ሐኪም ጄሉን መዳፋቸው ላይ አሞቅ አድርገው ቀቧት። "እስቲ ምራቅሽን ዋጪ፣ የኔ ቆንጆ" አሏት። ስትውጥ እብጠቱ አብሮ ወደ ላይ ወጣና ተመለሰ። "አየሽ እህቴ፣ ንፍፊት እንዲህ አይሄድም። ይሄ ጉሮሮዋ ፊት ለፊት ያለው፣ ሆርሞን የሚያመነጨው ታይሮይድ ዕጢዋ ላይ ነው።" ስክሪኑ ላይ እንደ አሸዋ ብትንትን ያሉ፣ የሚያጠራጥሩ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሳዩኝ። አላስፈራሩኝም፣ አልሸፋፈኑልኝምም። የታይሮይድ እብጠት ልጆች ላይ እንደ አዋቂ አይበዛም፤ ከወጣ ግን ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከአዋቂው ይበልጣል አሉኝ። በአልትራሳውንድ እያዩ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ሆነ፣ ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት።

"ምን አብልቻት ይሆን?" ብዬ አለቀስኩ። ውጭ ወረፋ እየጠበቀ፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አብዛኞቹ ልጆች ላይ መነሻው አይታወቅም አሉኝ። በደንብ የሚታወቀው ጨረር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከደረሰው የቼርኖቤል አደጋ በኋላ የተበከለ ወተት የጠጡ ብዙ ልጆች በዚህ ታመዋል። አንዳንዱ ዓይነት በዘር ይመጣል። "አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ደግሞ ይሄኛው ንፍፊት ወደሚወጣባቸው የአንገት ዕጢዎች ቢዛመት እንኳ ልጆች በደንብ የሚድኑበት ነው።" ያን ሌሊት ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፣ የታይሮይድ ዕጢዋ በሙሉ ወጣ። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ እስክትነቃ ድረስ ነፍሴ በእጄ አልነበረችም። አሁን በየጠዋቱ ቁርስ ሳትበላ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ትውጣለች፣ ዕድሜ ልኳን ነው። የደም ምርመራና አልትራሳውንድም በቀጠሮ አለ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ካያችሁ፣ አላመመውም ብላችሁ እንደ እኔ አትቀመጡ።

ዶክተር፣ ይሄ ከደረሰዎት እግዜር ይስጥልኝ። ድምጿ ደህና ነው። ባለፈው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር ከኋላ ቆሜ ሰማኋት።