“ነገ ተመለስ” ላላሉኝ ሴት፦ ከሚኒሶታ ገጠር የተጻፈ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። በሚኒሶታና በዙሪያዋ ባሉ ግዛቶች፣ ከትልልቁ ከተማ ርቃችሁ፣ በስጋ ፋብሪካው፣ በእርሻውና በሹፍርናው ተበትናችሁ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ከመሃላችሁ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግሎ የወጣ ካለ ደግሞ በተለይ ለእሱ ወይም ለእሷ። ላመሰግን የተነሳሁት የካውንቲያችንን የቬተራን (የቀድሞ ወታደር) አገልግሎት ኦፊሰር ነው። ነገሩ ሲመዘዝ ግን የትንሿ ሆስፒታላችን የሌሊት ነርስና ሴንት ፖል ተቀምጠው በጀት የሚያጸድቁ የግዛቱ ሕግ አውጪዎችም አብረው ይመጣሉ።

ስም አልጠራም። ኦፊሰሯን ላስፈቅዳቸው ብል “ስሜ ምን ያደርግላቸዋል? ሁሉም የየራሱ ካውንቲ አለው፤ እዚያ ይሂዱ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ደሴ ተወልጄ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ። ገና ግሪን ካርድ እንደያዝኩ ጦሩን ተቀላቀልኩ፤ ዜግነቴንም ያገኘሁት በዚያው ነው። ቬተራንን በአማርኛ “አርበኛ” እያሉ የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ ግን አርበኛ ሲባል የሚታዩኝ ዱር ገብተው ጣሊያንን የተዋጉት አባቶችና እናቶች ስለሆኑ ያንን ስም ለራሴ መውሰድ አልደፍርም። የቀድሞ ወታደር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተላክሁት ጅቡቲ፣ ካምፕ ሌሞኒየር የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር። ለእናቴ ቤት ያን ያህል ቀርቤ፣ የአገሬ ባቡር መጨረሻ ከተማ ውስጥ ቆሜ፣ ድንበሩን ሳልሻገር ወራት ቆየሁ። ሙቀቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሙቀቱ በላይ የማልረሳው ግን ከካምፑ አጠገብ ከሚቃጠለው ቆሻሻ የሚነሳውን ጭስ ነው። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ድንኳን ውስጥ ሆነን እንኳ እናስል ነበር።

ከጦሩ ከወጣሁ በኋላ ሳሉ ሄዶ ሄዶ አስም ሆነ። ሌሊት ቁጭ ብዬ የማድርበት ጊዜ በዛ። ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚይዘው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ሄጄ የጉዳት ካሳ ልጠይቅ ብዬ አስቤ አላውቅም። እግሩን ያጣ፣ ጓደኛው እቅፉ ውስጥ የሞተበት ሰው እያለ፣ ጥይት ያልተተኮሰብኝ እኔ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው እያልኩ ዓመታት አለፉ። ይህ ሐሳብ የብዙዎቻችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

በኋላ አንድ ድርጅት በስልክ አገኘኝ። የቪኤ ካሳ ጥያቄህን እንጨርስልሃለን፣ ከምታገኘው የኋላ ክፍያ (ላለፈው ጊዜ ከሚታሰብልህ) ላይ ድርሻችንን ትሰጠናለህ አሉኝ። ውሉን በኢሜይል ላኩልኝ፤ ልፈርም አንድ ቀን ነበር የቀረኝ። ያዳነኝ ጎረቤቴ ነው። በቆሎና አኩሪ አተር የሚያመርቱ፣ ቬትናም የዘመቱ ሽማግሌ ናቸው። በአጥራቸው በኩል ቆመን ስናወራ ነገሩን አነሳሁላቸው። የሥራ ጓንታቸውን አውልቀው በቁጣ ተመለከቱኝ። “አንዲት ሳንቲም እንዳትሰጥ። ካውንቲው ፍርድ ቤት ሕንጻ፣ ምድር ቤት ውረድ። እዚያ ያሉት ሴትዮ በነጻ ይሠሩልሃል። የእኔን የስኳር በሽታ ቬትናም ላይ ከተረጨው መርዝ፣ ከኤጀንት ኦሬንጅ ጋር አያይዘው የጨረሱልኝ እሳቸው ናቸው” አሉኝ። በኋላ እንደተረዳሁት በፌደራሉ ሕግ ለመጀመሪያ ጥያቄ ዝግጅት ማንም ሰው ገንዘብ ማስከፈል አይፈቀድለትም። ይህን ሳታውቁ የፈረማችሁ ካላችሁ ውሉን ይዛችሁ ወደ ካውንቲያችሁ ኦፊሰር ሂዱ።

የሄድኩት በጁላይ 2023 መጨረሻ ነው። መንግሥት ቤት መግባት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደጅ ጥናት ነው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፋይሉ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ። እኔም ያንኑ ጠብቄ ከሥራ የሙሉ ቀን ፈቃድ ወስጄ ነበር። ሴትዮዋ ስልሳውን የተሻገሩ ይመስላሉ፤ ራሳቸውም ወታደር የነበሩ ናቸው። የሚኒሶታ ሕግ ለዚህ ሥራ የሚሾመው ሰው ራሱ ቬተራን እንዲሆን ያዛል፤ ቢሮው ውስጥ ስትቀመጡ የዚህ ድንጋጌ ጥቅም ወዲያው ይገባችኋል። “ታምማለህ?” ብለው አልጀመሩም። “የት ነበርክ?” ነው ያሉኝ።

ጅቡቲ አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ጅቡቲ ሕጉ ውስጥ በስሟ ተጽፋለች፤ ታውቃለህ?” አሉኝ። አላውቅም ነበር። ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ፓክት አክት የሚባለው ሕግ ጭስና መርዛማ አየር ለተነፈሱ ወታደሮች የወጣ ነው። እኔ ስለ እሱ ስሰማ ኢራቅና አፍጋኒስታን ብቻ መስሎኝ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ጅቡቲ፣ ዮርዳኖስ፣ ግብፅ፣ ሊባኖስ፣ ሶርያ፣ የመንና ኡዝቤኪስታን ያገለገሉትንም ያካትታል። ከአገልግሎት በኋላ የተገኘ አስም ከሕመሞቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመምም እንዲሁ። በዝርዝሩ ላይ ላለ ሕመም “ይህን ያመጣብኝ ያ ጭስ ነው” ብላችሁ የማረጋገጥ ሸክም አይኖርባችሁም፤ እዚያ መኖራችሁንና ሕመሙ እንዳለባችሁ ማሳየት ይበቃል። ጅቡቲ የቆማችሁ ሐበሾች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቋንቋውንና አካባቢውን ስለምናውቅ ወደዚያ ስንላክ ደስ ብሎን የሄድን አለን። እባካችሁ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ከዚያ ቀኑን አዩ። እስከ ኦገስት 14 ቀን 2023 ጥያቄውን፣ ወይም ለመጠየቅ ማሰቡን ብቻ እንኳ ያስመዘገበ ሰው፣ ክፍያው ሕጉ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ይታሰብለት ነበር። የቀሩኝ ሁለት ሳምንት ገደማ ናቸው። የሕክምና ወረቀቴ አልተሟላም፣ ዲዲ 214 የሚባለው የአገልግሎት ማስረጃዬ ቤት ቀርቷል። “ወረቀቱ ይደርሳል፤ ቀኑ ግን አይመለስም” ብለው እዚያው ቁጭ እንዳልኩ “ኢንተንት ቱ ፋይል” የተባለውን ማሳወቂያ አስገቡልኝ። ይህ ወረቀት ቀናችሁን አስይዞ የቀረውን ለማሟላት አንድ ዓመት ይሰጣችኋል። የኦገስቱ ቀን ዛሬ አልፏል፤ ማሳወቂያው ግን አሁንም ይሠራል፤ ክፍያችሁ የሚቆጠረው ካስመዘገባችሁበት ቀን ነው። ስለዚህ ማስረጃ እስኪሟላ ብላችሁ አትቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደደወሉልኝ አልቆጠርኩም። የሐኪም ምርመራው ቀጠሮ ሲመጣ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። “እናንተ ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ሰዎች ‘እንዴት ነህ?’ ስትባሉ ‘እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ’ ትላላችሁ። ሐኪሙ ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። ሌሊት እንዴት እንደምታድር ንገረው” አሉኝ። ይህችን ከየት እንዳገኟት አላውቅም፤ ግን ልክ ናቸው። ተመስገንን ለፈጣሪ፣ ሕመማችሁን ለሐኪሙ ንገሩ። ውሳኔው ሲመጣ የ30 በመቶ የጉዳት ደረጃ ተፈቀደልኝ፤ የኋላውም ተከፈለኝ። ከገንዘቡ ይልቅ የቪኤ ሕክምና መጀመሬና መድኃኒቴን በወቅቱ ማግኘቴ ነው ሕይወቴን የቀየረው። የምስጋና ስጦታ ይዤ ሄድኩ፤ እምቢ አሉ። ባለቤቴ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ግን ለመላው ቢሮ ይሁን ብለው ተቀበሉኝ።

እንግዲህ እኚህ ሴት በነጻ የሚሠሩት ደመወዝ ስለሌላቸው አይደለም። የሚኒሶታ ካውንቲዎች የቬተራን አገልግሎት ኦፊሰር ስለሚሾሙበት የግዛቱ ሕግ ደንግጓል፤ ደመወዙ የካውንቲው ነው፤ የግዛቱ ምክር ቤት ደግሞ ለእነዚህ ቢሮዎች ድጎማ ይመድባል። ይህን ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች እኛን አያውቁንም። እኔ ግን በዚያ ቢሮ ደረጃ በወረድኩ ቁጥር አስባቸዋለሁ።

ሁለተኛው ነገር አምና በገና ዋዜማ ሌሊት ሆነ። ሚኒያፖሊስ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ልናስቀድስ ነበር፤ በረዶው መንገዱን ዘጋውና ቀረን። እኩለ ሌሊት አልፎ ትንፋሼ ተያዘ። ብርዱ አስምን እንዴት እንደሚያስነሳ የታመመ ያውቀዋል። በዚያ በረዶ ትልቁ ሆስፒታል ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ማለት ምን እንደሆነ ባለቤቴ አሰበችና ወደ ከተማችን ሆስፒታል አዞረችው። ስምንት ደቂቃ ነው። ነርሷ ጭምብሉን አፌ ላይ እያደረገች ባለቤቴን “ወታደር ነበር?” ብላ ጠየቀቻት። ለምን እንደጠየቀች የገባን ጠዋት ነው። ከቪኤ ውጭ የድንገተኛ ሕክምና ሲደረግላችሁ፣ ቪኤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተነገረው ሂሳቡ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። ሆስፒታሉም፣ እናንተም፣ ቤተሰባችሁም ማሳወቅ ትችላላችሁ። ያቺ ነርስ ለሊቱ ሳይነጋ አሳውቃልን ነበር። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ያ ሆስፒታል 25 አልጋ ነው ያለው። ከዚያ እንዳይበልጥም ሕጉ ይገድበዋል። በ1997 የወጣ የፌደራል ሕግ “ክሪቲካል አክሰስ” የሚል ስም የሰጠው፣ በኋላም ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን ከወጪያቸው 101 በመቶ እንዲከፍል የተደነገገው ለእንደነዚህ ያሉ ትንንሽ የገጠር ሆስፒታሎች ነው። በሚኒሶታ ብቻ ከ70 በላይ አሉ። ለብዙዎቹ ግን ይህም አይበቃም። ገና ሌሊት እኔ ስገባ ሌላ በሽተኛ አልነበረም። ሐኪሙ ግን ነቅቷል፣ ነርሷ ነቅታለች፣ ላቦራቶሪው በርቷል። በሽተኛ መጣም አልመጣም ያ ሁሉ ይከፈላል፤ ከተማ ላይ ለሺህ ሰው የሚካፈለው ወጪ እዚህ ለጥቂት ሰው ይካፈላል። ከ2010 ወዲህ በአሜሪካ ከ100 በላይ የገጠር ሆስፒታሎች ተዘግተዋል ወይም አስተኝቶ ማከም አቁመዋል። የእኛም የማዋለጃ ክፍሉን ከዘጋ ቆየ፤ ሁለተኛዋ ልጃችን የተወለደችው ምጥ የያዛትን ባለቤቴን ይዤ 60 ማይል ነድቼ ነው። በመኪናው ውስጥ እመቤቴን እየጠራች የሄደችበትን መንገድ ዛሬም ሳልፈው ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ ባለፈው የአካባቢያችን የምክር ቤት አባልና ሴናተር በአሜሪካን ሊጅን (የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር) አዳራሽ ሕዝቡን ሊሰሙ ሲመጡ፣ ኦፊሰሯ “ና፣ ተናገር” አሉኝ። እንግሊዝኛዬ ለስብሰባ አይሆንም ብዬ አንገራገርኩ፤ ግን ሄድኩ። ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። የገናውን ሌሊትና የማዋለጃውን ነገር ተናገርኩ። ሁለቱም ማስታወሻ ያዙ፤ ሴናተሩ ከስብሰባው በኋላ መጥተው ስለ 72 ሰዓቱ ደግመው ጠየቁኝ። ከልብ አመሰግናቸዋለሁ፤ እኔን የመሰለ ስደተኛ ሲናገር ሰዓት ያላዩ ሰዎች ናቸው።

የሠሩትንም እናገራለሁ። በ2024 ምክር ቤቱ ለገጠር አምቡላንሶች 24 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ጊዜ ድጎማ መድቧል። በቤሚጂ፣ በሞንቴቪዲዮና በፕሬስተን ሦስት አዳዲስ የቬተራን መኖሪያዎች ተከፍተዋል። ለእንደዚህ ያለ ግንባታ ፌደራሉ እስከ 65 በመቶ ይሰጣል፤ ቀሪውን ግዛቱ ካላዋጣ ግን አንድ ድንጋይ አይነሳም። ጎረቤቴ ከስትሮኩ በኋላ ዛሬ ያሉት ሞንቴቪዲዮ ነው፤ ባለ 72 አልጋው። በወር አንዴ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ በቆሎው ዋጋ ይጠይቁኛል። ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ የግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል 67 ለ67 እኩል ተከፍሎ ስለነበር አንዱ ፓርቲ ብቻውን ምንም ማሳለፍ አይችልም ነበር፤ በአዳራሹ ያየሁት የሁለቱ ሰዎች አንድ ቋንቋ መናገር ለዚህ ነው ዋጋ ያለው።

የሚያሳስበኝንም ልተንፍስ። በጁላይ 2025 የተፈረመው የፌደራል ሕግ ሜዲኬይድ የሚባለውን፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚውለውን የመንግሥት የጤና መድን ወጪ ይቀንሳል፤ በሌላ እጁ ለገጠር ጤና በ5 ዓመት 50 ቢሊዮን ዶላር ለግዛቶች ያከፋፍላል። የትንንሾቹ ሆስፒታሎች ገቢ ከሜዲኬይድና ከሜዲኬር ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከዚያ ገንዘብ ሚኒሶታ የሚደርሳት ድርሻ የት እንደሚውል መከታተል የእኛም ሥራ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ ጥቆማው። የምትኖሩበትን ካውንቲ ስምና “ቬተራን ሰርቪስ ኦፊሰር” ብላችሁ ፈልጉ፤ ስልኩ ይወጣል። ዲዲ 214 ካላችሁ ያዙ፣ ከሌላችሁም ሂዱ፣ እነሱ ያስመጡላችኋል። መኪና የሌላችሁ ካላችሁ ጠይቁ፤ የእኛ ካውንቲ ወደ ቪኤ የሚወስድ ቫን አለው። ለጉዞ ክፍያ የምታሟሉ ከሆነ ቪኤ በማይል 41.5 ሳንቲም ይመልሳል። ለብቻው ሌሊት የሚከብደው ካለ ደግሞ 988 ደውሎ 1 ቁጥርን ይጫን፤ በማንኛውም ሰዓት ሰው ያነሳል።

በሕንጻው በር ብቻውን መግባት የሚፈራ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ነጻ ነኝ፤ አብሬው እወርዳለሁ፣ አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አግዘዋለሁ፤ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ትጠብቀናለች።