አፕላይድ ስሪን ላሻገሩኝ ፕሮፌሰር እና ፍላሹን ለሰጠኝ ልጅ

ሰላም ወገኖች። አፕላይድ ስሪን (ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የምንወስደውን የሂሳብ ኮርስ) ካለፍኩ ይህን ጽሁፍ እጽፋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ትናንት ውጤት ወጣ፣ አልፌያለሁ። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና ይኸው ልጻፍ።

ሁለተኛ ዓመት ሜካኒካል ነኝ። ሚድ ላይ ከ30 9 ነበር ያገኘሁት። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። ወርክሺቱን ሁለቴ ሠርቼዋለሁ፣ የድሮ ፈተናዎችንም ቸክዬ ነው የገባሁት። ግን የያዝኩት ፎርሙላውን ነው እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር። ኮርሱ ውስጥ ዋናው ነገር ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው፣ አንድ ነገር በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚናገር ኢኩዌሽን። ጥያቄው ከዓይነቶቹ ሴፓረብል ነው፣ ሊኒየር ነው ወይስ በርኑሊ የሚለውን ከለየሁ እሠራዋለሁ፣ ካልለየሁት ግን እስክሪብቶ ይዤ መቀመጥ ነው። ክፍል ውስጥ ደግሞ ከመቶ በላይ ነን። እዚያ መሀል እጅ አውጥቶ «ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ማለት ግን ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይታሰብም፣ ሁሉም የገባው ነው የሚመስለው።

በዚያ ሰሞን ከዶርም መውጣትም አስጠልቶኝ ነበር። አንድ የአምስተኛ ዓመት ልጅ አለ፣ ከእኛ ሁለት በር ዝቅ ብሎ ያለው ዶርም ውስጥ ነው የሚኖረው። ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ደብተሬን አገላብጦ አየና ምንም ሳይል ወጣ። ማታ ፍላሽ ይዞ ተመለሰ። «ከአንደኛው ጀምር፣ እንዳትዘል» አለኝና ሄደ። ፍላሹ ላይ የኤም አይ ቲ 18.03 ሙሉው ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አሜሪካ ያለው ኤም አይ ቲ ኦፕን ኮርስዌር የሚባል ነገር አለው፣ የሚያስተምራቸውን ኮርሶች ማቴሪያል ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚለቅበት። ምዝገባ የለ፣ ክፍያ የለ። 18.03 የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ኮርሱ ቁጥር ነው። ሌክቸሮቹ የተቀረጹት በፈረንጆቹ 2003 ሲሆን የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር አርተር ማታክ ናቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ያላቸው ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው። ቪዲዮዎቹ ከ30 በላይ ናቸው፣ አንዱ ወደ 50 ደቂቃ ይሄዳል። እንግሊዝኛቸው ረጋ ያለ ነው፣ ከጽሁፍ ጋር ማየትም ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ እኛ ክፍል እንደምንጀምረው በመፍታት አይጀምሩም። በመሳል ነው የሚጀምሩት። ዋይ ፕራይም እኩል ይሆናል አንድ ሲደመር ኤክስ ሲቀነስ ዋይ የሚል ኢኩዌሽን አለ። ዋይ ፕራይም ማለት የኩርባው ስሎፕ፣ ማለትም ምን ያህል እንደሚያዘነብል ነው። እሱን ይዘው እስኪ ስሎፑ ዜሮ የሚሆነው የት ነው ይላሉ። አንድ መስመር ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ትንንሽ አግድም ሰረዞች ይሰራሉ። ስሎፑ አንድ የሚሆነውስ? ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ የሚለው መስመር ላይ። ታዲያ የዚያ መስመር የራሱ ስሎፕም አንድ ነው! ሰረዞቹ መስመሩ ላይ ተኙበት ማለት ነው። እሱ ራሱ መልስ ነው። ሌሎቹ ኩርባዎች በሙሉ ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ወደ እሱ እየተጠጉ ይሄዳሉ። ምንም ሳልፈታ፣ አንድም ኢንቴግራል ሳልነካ መልሱ ምን እንደሚመስል አየሁት። ቪዲዮውን አቁሜ ደብተሬ ላይ ራሴ ሳልኩት። ከዚያ በተማርነው በሊኒየር መንገድ ፈታሁት። የወጣው ኤክስ ሲደመር እየጠፋ የሚሄድ ኤክስፖነንሻል ነው። ልክ ሥዕሉ እንዳለው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር፣ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ከሁሉም ግን ዘጠነኛው ሌክቸር ነው የነካኝ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አባቴ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ሚኒባስ ሲመጣለት ከሁሉ በፊት የሚያደርጋት ነገር አለች። የመኪናውን ጥግ በሁለት እጁ ወደ ታች ተጭኖ ድንገት ይለቀዋል። ከዚያ ዝም ብሎ ያያል። አንዴ ተነስቶ ቀጥ ካለ ደህና ነው ይላል። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ካለ ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል ይላል። ልጅ ሆኜ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ዘጠነኛው ሌክቸር ላይ ማታክ ሰሌዳው ላይ አንድ ክብደት፣ አንድ ሞላ እና እንቅስቃሴ የሚያበርድ ነገር ሳሉ። ሰከንድ ኦርደር ኢኩዌሽኑን ጻፉ። የሚያበርደው ነገር ጉልበት ስኩዌር ተደርጎ ከአራት ጊዜ ክብደቱ ጊዜ የሞላው ጥንካሬ ካነሰ ሩቶቹ (ኢኩዌሽኑን ለመፍታት የምናወጣቸው ቁጥሮች) ኮምፕሌክስ ይሆናሉ፣ ያ ማለት ነገርየው ይወዛወዛል። ከበለጠ ሳይወዛወዝ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኩል ከሆነ ደግሞ ሳይወዛወዝ ሊመለስ በሚችለው ፍጥነት ይመለሳል። እኔ ሚድ ላይ ሦስቱን ኬዝ በቃሌ ጽፌ መውጣቴ ትዝ አለኝ። አባቴ በእጁ ሲለካው የኖረው ይሄንኑ ነው። በማግስቱ ደውዬ ነገርኩት። «ታዲያ ይሄን ካሳየሁህ ስንት ዓመት ሆነ?» አለኝ። ድምፁ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ላፕላስ ትራንስፎርምን (ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን ወደ ተራ አልጀብራ የሚቀይረውን ዘዴ) ደግሞ ሠንጠረዥ ከመሸምደዳችሁ በፊት እባካችሁ ማታክ ጋ ሂዱ። ከፓወር ሲሪስ፣ ማለትም ከኤክስ ፓወሮች ድምር ነው የሚነሱት። የፓወሩ ቁጥር 0፣ 1፣ 2 እያለ መዝለሉን ትቶ ሳይቆራረጥ ቢሄድስ ይላሉ፣ ድምሩ ኢንቴግራል ይሆናል፣ ኤክስን በኢ ፓወር ኔጌቲቭ ኤስ ይተኩታል፣ ላፕላስ ወጣ። ከሰማይ የወረደ ይመስለኝ የነበረው ነገር ዘመድ እንዳለው ያኔ ነው የገባኝ።

እውነቱን ለመናገር ሁሉን ነገር አይሸፍንላችሁም። አፕላይድ ስሪ ውስጥ ያለው ቬክተር ካልኩለስና ኮምፕሌክስ አናሊሲስ እዚያ የለም፣ እሱን ከክፍል ኖታችሁ ነው የምታጠኑት። እኛ ጋ ፈተና ላይ የማይጠፋው ኤግዛክት ኢኩዌሽንም ራሱን የቻለ ሌክቸር የለውም። ሌላው፣ የመጀመሪያው ሌክቸር ሴፓረብል መፍታት ትችላላችሁ ብሎ ነው የሚነሳው። እሱ ካልገባችሁ ሁለት ቀን ሰጥታችሁት ተመለሱ፣ አለዚያ ገና በጅምሩ ትሰለቻላችሁ።

እኔ እንዲህ ነው ያደረግሁት። በቀን አንድ ቪዲዮ፣ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት። እያየሁ አልጽፍም፣ ካለቀ በኋላ ዘግቼ የተረዳሁትን በራሴ ቃል እጽፋለሁ። መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፣ ደግሜ አያለሁ። ጥያቄ ለመሥራት 18.03 ኤስ ሲ የሚባለው አለ፣ ለብቻው ለሚያጠና ሰው ተብሎ የተዘጋጀ ነው፣ ጥያቄው ከነመልሱ ይገኛል፣ አጫጭር የመለማመጃ ቪዲዮዎችም አሉት። ኮኔክሽን ካላችሁ ኤም አይ ቲ ማትሌትስ የሚባለውን ክፈቱ። የዳምፒንጉን (የሚያበርደውን ነገር) መጠን በማውስ እየጎተታችሁ ኩርባው ሲለወጥ ታያላችሁ። አባቴ ቢያየው ደስ ይለዋል፣ ክረምት ስገባ ላሳየው አስቤያለሁ።

ፕሮፌሰር ማታክ በ2021 አርፈዋል። ላመሰግናቸው አልችልም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ያ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዘው ሲቆሙ እዚህ አገር ዶርም ውስጥ በተሰነጠቀ ላፕቶፕ የሚያያቸው ልጅ ገና አልተወለደም ነበር። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

አንተ ፍላሹን የሰጠኸኝ ወንድሜ፣ ስሜን አትጻፍ ስላልከኝ አልጻፍኩም፣ ግን እንደምታነበው አውቃለሁ። ደብተሬን አይተህ አልሳቅክብኝም፣ ምክርም አላበዛህብኝም። ሚዱን ካየሁ በኋላ ኮርሱን ድሮፕ ላደርግ ፎርሙን ሁሉ ሞልቼ ነበር፣ ይሄን ለአንተም ነግሬህ አላውቅም። እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ግቢያችን ውስጥ ላላችሁ የዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቶች፣ ዳታ አታባክኑ። ሙሉው ኮርስ እኔ ላፕቶፕ ላይ አለ። ከእራት በኋላ ላይብረሪ ሁለተኛ ፎቅ መስኮቱ ጋ አለሁ፣ 16 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ቫይረስ ያለበት እንዳታመጡ ብቻ።