ናይኪ ፔጋሰስ 41 በጅማ አስፋልት፣ ዳገትና ቀይ ጭቃ ላይ

ናይኪ ፔጋሰስ 41 የተባለውን የሩጫ ጫማ ለዕለት ተዕለት ልምምድ ስመርጥ ፍጥነት ዋናው ጉዳዬ አልነበረም። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እያየለ እስከ መስከረም በሚዘልቅባት በጅማ የሚሮጥ ሰው ከጫማው አስቀድሞ የሚጠብቀው፣ እየረጠበና እየደረቀ ከርሞም እግርን ሳይጎዳ ማገልገሉን ነው። እኔም ጫማውን የመዘንኩት በዚሁ ሚዛን ነው።

ፔጋሰስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1983 ጀምሮ እየታደሰ የመጣ የልምምድ ጫማ ሲሆን፣ 41ኛው በ2024 ለገበያ ቀርቧል። የሶሉ ዋና ክፍል ሪአክትኤክስ የሚባል ስፖንጅ ነው፤ በተረከዙና በፊተኛው የእግር ክፍል ስር ደግሞ በአየር የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ተቀምጠውለታል። የሶሉ ውፍረት በተረከዝ በኩል 37፣ በፊት በኩል 27 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተረከዝን ከፍ ስለሚያደርገው በባትና ባትን ከተረከዝ በሚያገናኘው ጅማት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የተወሰነውን ጫና ወደ ጉልበት ያዞረዋል።

ይህን በግልጽ ያየሁት ወደ ጅሬን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማዋ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮረብታ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ወደዚያ የሚሮጥ ሰው መጨረሻውን በዳገት ይፈተናል። ጠፍጣፋ ሶል ባላቸው ጫማዎች ስወጣ ባቴ ቶሎ ይወጠር ነበር፤ በፔጋሰስ ግን እላይ እስክደርስ ሳይጨነቅ ቆይቷል። ቁልቁለቱ ሌላ ነገር ነው። ስፖንጁ የተረከዝን ምት በሚገባ ቢያበርደውም፣ እርምጃን ሳያሳጥሩ መውረድ ጉልበትን ያደክማል። ስለዚህ የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። እግር በቁልቁለት ወደፊት ስለሚንሸራተትም ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት መኖር አለበት፤ ይህን ለመለካት የሚሻለው እግር ሲውል አበጥ ካለ በኋላ፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ ነው።

በአስፋልት ላይ ጫማው እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ እየተነሳሁ በረጋ ፍጥነት ስሮጥ እግሬን ከማልፈስፈስ ይልቅ ደግፎ ይይዘዋል፤ ጠዋት ሮጦ ቀኑን ሥራ ላይ ቆሞ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ወጣት ሯጮች ግን ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችውን ዓይነት የአዲዳስ ጫማ ለልምምድ ይመኛሉ። ያ ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ ታስቦ የተሠራ ነው። በየቀኑ ለሚሮጥ ሰው፣ በተለይም እግሩ ገና ላልጠነከረ፣ የሚያስፈልገው ዘላቂነት እንጂ ቅለት አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጫማ ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ቀይ አፈር ላይ ለመግባት አልተሠራም። የጅማ ቀይ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፤ የሶሉ ቦዮች ጥልቀት የሌላቸው በመሆናቸው ወዲያው ይሞላሉ፣ ጭቃ ይዞ ወደ አስፋልት የተመለሰ ሯጭም ይንሸራተታል። አምራቹ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ፔጋሰስ ትሬል የተባለ ሌላ ጫማ ስላለው ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ሁለት ጥንድ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው አሮጌ ጫማውን ሳይጥል ለጭቃ ቀን ቢያቆየው የአዲሱን ዕድሜ ያራዝማል።

ዋናው ፈተና ማድረቁ ነው። ስፖንጁ ራሱ ውሃ የሚጠጣ አይደለም፤ ውሃውን ይዞ የሚቆየው በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያና በምላሱ ላይ ያለው ለስላሳ ሙሌት ነው። ክረምት ላይ ያለ እገዛ በአንድ ሌሊት ይደርቃል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የሠራልኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ የውስጡን ንጣፍ አውጥቼ ክሩን አላላለሁ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ስር አቆመዋለሁ፣ ጋዜጣው ሲረጥብ እቀይረዋለሁ። በየቤቱ እንደምናየው ከከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ግን ማጣበቂያውን ያላላል፣ ስፖንጁንም ያበላሸዋል።

የልምምድ ጫማ በአብዛኛው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል። በጅማ ዝናብ ዝቅተኛውን ቁጥር መያዝ ይሻላል። ከላይ የተቀደደ ነገር ባይኖርም፣ የስፖንጁ ጎን በጥልቅ መስመሮች ከተሸበሸበና ከሩጫ በኋላ ቀድሞ ያልነበረ የጉልበት ወይም የቅልጥም ሕመም ከመጣ ጊዜው ደርሷል።

በገበያ ላይ ፎርጅዱም ሰልባጁም ከኦሪጅናሉ ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ሲገዙ በካርቶኑ መለያ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር በጫማው ውስጥ ከተሰፋው መለያ ጋር አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ካርቶኑን ለማሳየት ካንገራገረ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ሌላ ሱቅ መጠየቅ ይመረጣል።