የሸማኔ ጨርቅ ወይስ «ኦርጋኒክ» የተባለ ጣቃ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የዲዛይን ሥራ የጀመሩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ጨርቁን ሸማኔ ጋ እናሠራ ወይስ «ኦርጋኒክ ጥጥ» የሚባለውን፣ ማለትም የፋብሪካ የተባይ መድኃኒት ሳይረጭበት ከበቀለ ጥጥ የተሠራውን ጣቃ ከነጋዴ እንግዛ? እኔ የሸማኔው ወገን ነኝ፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

መጀመሪያ ብሩ። ሁሉም ዋጋ የሚጠይቀው በሜትር ነው። ስፋቱስ? ሸማኔ የሚሠራው ብዙ ጊዜ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣቃው 150 ይደርሳል። ለሒሳብ ያህል የሸማኔውን ሜትር 400፣ የጣቃውን 600 ብር እንበል። በካሬ ሜትር ሲሰላ የሸማኔው 444፣ የጣቃው 400 ብር ይመጣል። ርካሽ የመሰለው ተወደደ። ገና አላለቀም፤ የሸማኔ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ርዝመቱ 10 በመቶ ቢገባ 444ቱ 494 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሳትቆርጡ በፊት ዘፍዝፉት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ለኩ።

ታዲያ ምኑን ወደድሽው ትሉኝ ይሆናል። በልኬ ይሠራልኛል፤ ቁርጥራጭ አይተርፈኝም። ጥለቱ ጫፉ ላይ አብሮ ስለሚሸመን የጠርዝ ስፌት ይቀንሳል። ክር ቢዘል ወስጄ አሳየዋለሁ፣ ያስተካክለዋል። ነጋዴው ግን «አንዴ የተቆረጠ አይመለስም» ይላል፣ በቃ።

አንዱ ነጋዴ «መቶ በመቶ ጥጥ» ብሎ የሸጠልኝን ጣቃ ልንገራችሁ። የደንበኛዬ ቀሚስ ብብቱ ሥር ትናንሽ ድብልብል ፀጉር አወጣ። ከተረፈው ጨርቅ ክር መዝዤ ክብሪት ጫርኩበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ይሄኛው ተኮማተረና ጥቁር፣ ደረቅ ፍሬ ሆኖ ቀረ። ፖሊስተር! ታዲያ እሳቱ የሚያጋልጠው ፖሊስተሩን እንጂ መድኃኒት የተረጨበትን ጥጥ አይደለም። የተረጨውም ኦርጋኒኩም አንድ ዓይነት ይነዳል።

ሸማኔው ጋም ቢሆን ጠይቁ። የእኔው ሽማግሌ «እታለም፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ድሩ ግን የፋብሪካ ነው» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። ሁለቱም የእጅ ይሁን ካላችሁ ስታዙ ተናገሩ፤ ዋጋውም ቀኑም ይጨምራል። የእጅ ፈትል ስለሆነ ብቻ ኦርጋኒክ አይባልም። ባዘቶው የመጣበት ማሳ ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። እኔ ልብሴ ላይ «የእጅ ፈትል» ብዬ ብቻ ነው የምጽፈው።

ኦርጋኒክ ነው የሚላችሁን ነጋዴ ወረቀት ጠይቁ። ጎትስ (GOTS) በሚባለው ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ጨርቅ መለኪያ «ኦርጋኒክ» ለመባል ክሩ ከተፈተለበት ቃጫ ቢያንስ 95 በመቶው ኦርጋኒክ መሆን አለበት። በስልክ የሚያሳያችሁ የአምራቹ ድርጅት ሰርተፊኬት አይበቃም፤ ጣቃው የመጣበት ጭነት የራሱ የሽያጭ ሰርተፊኬት አለው። ያም ተገኝቶ፣ የእናንተ ስፌት ቤት ካልተመረመረ የጎትስን ምልክት ልብሳችሁ ላይ መለጠፍ አትችሉም። የውጭ ገዢ ካልጠየቃችሁ በስተቀር ለስሙ ትርፍ ብር አታውጡ።

ለገበር ግን የፋብሪካ ጥጥ እገዛለሁ፤ የሸማኔው ይወፍራል። እሱንም ክር መዝዤ ሳላቃጥል አልከፍልም።