የደብረ ብርሃኑ የቼዝ ሻይ ቤት እና የስቴልሜት ደንቡ

በደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሻይ ላዘዘ ሰው ሁሉ የቼዝ ሰሌዳ በነፃ የሚያቀርብና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውድድር የሚያካሂድ አንድ ሻይ ቤት አለ። ላለፉት አራት ወራት በየሳምንቱ ስለተመላለስሁበት አስተያየቴ ከአንድ ቀን ትዝብት የመነጨ አይደለም። ሻዩ ቅርንፉድና ቀረፋ አለው፣ የገብስ ቆሎ ሳይጠየቅ ይመጣል፣ ብርዱ ሲጠናም ጉልበት ላይ የሚጣል የመንዝ ባና ይሰጣሉ። መጫወቻዎቹ ከበድ ያሉ የእንጨት ሥራዎች ናቸው። የጨዋታ ጊዜ መቁጠሪያ ሰዓቶቹ ግን ሁለት ብቻ ስለሆኑ ወረፋ አለ።

ቅሬታዬ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ደንብ ነው፤ «ባላጋራውን መንቀሳቀሻ ያሳጣ አሸንፏል» ይላል። ስቴልሜት ማለት ተራው የደረሰው ተጫዋች ንጉሡ ቼክ ሳይሆን (በባላጋራ መጫወቻ ሳይጠቃ) አንድም ሕጋዊ እንቅስቃሴ ሲያጣ ነው፤ በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ውጤቱ አቻ ሲሆን፣ በዚህ ቤት ግን ድል ሆኖ ይመዘገባል።

ባለፈው ቅዳሜ ከደንቡ የተጠቀምሁት እኔው ነበርሁ። ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ስጫወት ለእኔ ንጉሥና አንድ ወታደር፣ ለእርሷ ባዶ ንጉሥ ቀረ። በሰሌዳው ቤቶች መጠሪያ ወታደሬ ኤፍ 7፣ ንጉሤ ኢ 6፣ የእርሷ ንጉሥ ኤፍ 8 ላይ ሆነው ተራው የእኔ ነበር። ወታደሬን ላለማጣት ንጉሤን ኤፍ 6 ላይ ከማስቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረኝም፤ ያን ሳደርግ ደግሞ እርሷ የምትሄድበት ቤት አጣች። እዚህ ያደረሳት ንጉሥን ከንጉሥ ፊት ለፊት በትክክለኛው ጊዜ የማቆም ጥበብ ነው፤ ሃያ እርምጃ ያህል አንድም ስሕተት አልሠራችም። «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ቢሆን እኮ አቻ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ነጥቡን ስወስድ ቅር አለኝ።

ባለቤቱ ምክንያታቸውን በትሕትና አስረድተውኛል፦ አቻ ሲበዛ ጨዋታው ይረዝማል፣ ተረኛውም ይጉላላል፤ ደግሞስ የትም መሄድ የማይችል ንጉሥ ተማርኮ የለም ወይ? ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። በቻይናው ቼዝ መንቀሳቀሻ ያጣ ይሸነፋል፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ በተቃራኒው፣ ስቴልሜት ያደረገው ራሱ ይሸነፍ ነበር። ለረጅም ዘመን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከርም ስቴልሜት ያደረገ ከአቻ የሚበልጥ፣ ከድል የሚያንስ ነጥብ እንዲያገኝ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የእኛም አገር ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በሚንቀሳቀሱበት በወረራው፣ የራሱን ሕግ ይዞ ኖሯል። ስለዚህ ሕግ አይለወጥም አልልም።

ነገር ግን በ2020 እ.ኤ.አ. የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕማይንድ ከተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ስቴልሜት እንደ ድል የሚቆጠርበትን ቼዝ አልፋዜሮ በተባለው ቼዝ ተጫዋች ፕሮግራም ሲፈትሽ፣ የአቻው ብዛት ያን ያህል አልቀነሰም። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። በ1963/64 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሻምፒዮና ላሪ ኢቫንስ በሳሙኤል ረሼቭስኪ ሊሸነፍ ተቃርቦ ሳለ ንግሥቱን ሰጠ፤ ከዚያም በቀረው ሩክ (በሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ በሚሄደው መጫወቻ) ቼክ አለው። ሩኩ ቢበላ ስቴልሜት ስለሚሆን፣ ንጉሡ ቢሸሽም ቼኩ ስለማያቋርጥ ረሼቭስኪ ማምለጫ አላገኘም፤ ጨዋታው በአቻ ተጠናቀቀ። በሻይ ቤታችን ደንብ ያ ሁሉ ብልሃት ሽንፈት በሆነ ነበር። የደከመው ተስፋ ሳይቆርጥ የሚያስብበት፣ የበረታውም እስከ መጨረሻው እርምጃ እንዲጠነቀቅ የሚገደድበት ሕግ ሊነካ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ለተረኛ መጉላላት መድኃኒቱ ሁለት የቼዝ ሰዓት ገዝቶ መጨመር ነው፤ ይህንንም ለባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ። ልጁን ቼዝ የሚያስተምር ሰው ውድድር በሌለበት በሥራ ቀን ቢያመጣው ይሻላል፤ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት «ስቴልሜት አቻ ነው» ብለው የተስማሙትን ማንም አይከለክላቸውም።