ሊሰንቱ፦ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ድረስ ሚክስ ያስደመጠን ፕለጊን

የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ የምትሠሩና ዳይሬክተራችሁ ሌላ አገር ያለባችሁ፣ ይኼ ለእናንተ ነው። ኦዲዮሙቨርስ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ሊሰንቱን፣ ማለትም ሙዚቃ በምንሠራበት ሶፍትዌር ላይ ተጭኖ ድምፁን በኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስተላልፈውን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም)፣ የያዝኩት በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሁላችንንም ቤት ሲያስቀምጠን ነው። እዚህ ሜሪላንድ ከቤት አትውጡ ተባለ፣ አዲስ አበባ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኤዲቲንጉ ያለቀ፣ ሙዚቃው ግን ገና ግማሽ ላይ ያለ ፊልም እጄ ላይ ነበር። ዳይሬክተሯ ቦሌ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕለጊኑን ማስተር ትራኩ (ድምፆቹ ሁሉ የሚጠቃለሉበት መስመር) ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ሊንክ ይሰጣችኋል፣ ሊንኩን በቴሌግራም ትልካላችሁ። ሰሚው ምንም ሳይጭን፣ ምንም ሳይከፍል በብሮውዘር ከፍቶ ያዳምጣል።

መጀመሪያ ላይ የምንደማመጠው በቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ ነበር። እነዚህ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለንግግር ነው፤ ሳይቋረጥ የሚቆይ ድምፅ ሲያገኙ የፋን ጩኸት መስሏቸው ያፍኑታል። መሰንቆ ደግሞ ውበቱ እዚያው ላይ ነው፤ ደጋኑ ያንን አንድ የፈረስ ጭራ ክር ይዞ ሲጎትት፣ ሲጎትት። ዳይሬክተሯ ጋ የሚደርሰው መነሻው ብቻ ነበር፣ የቀረው እየሟሟ ይጠፋል። እናትየው በር ላይ የምትቆምበት ትዕይንት ላይ «እዚህ ጋ ሙዚቃው ለምን ቆመ?» አለችኝ። ሙዚቃው አልቆመም ነበር! በሊሰንቱ ያንኑ ቦታ ስታዳምጥ የደጋኑ ሻካራነት፣ የቆዳው ማስተጋባት ሁሉ ደረሳት። ዝም አለችና «እንደገና አሰማኝ» አለች። ለእኔ ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህ ብቻ ይከፈልበታል።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፦ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ ሳይጨመቅ ለመላክ በሰከንድ 2.3 ሜጋቢት ገደማ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ማታ ላይ ይኼ ሳይቆራረጥ ማግኘት ከባድ ነበር። ወደ ኤኤሲ (ድምፅን ጨምቆ የሚያሳንስ አሠራር) 256 ኪሎቢት ዝቅ አድርጉት፣ ጭነቱ ወደ ዘጠነኛ እጁ ይወርዳል፤ መዘግየቱንም ሰፋ አድርጉለት። ለማዳመጥ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ሰኔ 23 ኢንተርኔቱ አገር አቀፍ ሆኖ ሲዘጋ ግን ምንም ፕለጊን አላዳነንም፤ ሳምንታት በስልክ ብቻ ተነጋግረን አሳለፍን።

አብሮ ለመጫወት አትግዙት። እኔ ፒያኖ፣ የፊልሙ መሰንቆ ተጫዋች ጋሼ ደግሞ መሰንቆ ሆነን በአንድ ምት መሄድ አይታሰብም፤ መዘግየቱ ይገድለዋል። እኛ የሠራነው እንዲህ ነው፦ የጋሼ ልጅ ፕለጊኑን እሱ ላፕቶፕ ላይ ጫነ፣ ጋሼ በጆሮ ማዳመጫ መነሻ ትራኩን እየሰሙ ተጫወቱ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አዳመጥኩ። ቀረጻው እዚያው ተቀመጠና ዋናው ፋይል በኋላ ተላከልኝ። «ጋሼ፣ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ቢያዘገዩልኝ» ስላቸው «ልጄ፣ ማዘን ካለብኝ ንገረኝ እንጂ ፍጥነቱን ለኔ ተወው» አሉኝ። ይኼ ንግግር ፋይል በመላላክ ብቻ አይመጣም፤ አብሮ መስማት ይጠይቃል።

ከምስል ጋር ማገጣጠም ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምስሉን በስብሰባ መተግበሪያ፣ ድምፁን በሊሰንቱ ካደረጋችሁ አይገናኙም። ቪዲዮው ሰሚው ኮምፒውተር ላይ ይኑር፤ እናንተ ከመጀመሪያው ፍሬም 2 ሰከንድ ቀድሞ «ጢጥ» የሚል ምልክት አስገቡ፣ ሰሚውም ከዚያ 2 ሰከንድ ቆጥሮ ቪዲዮውን ያስጀምር። ለስሜት ይበቃል። በር ሲዘጋ አብሮ የሚመታ ከበሮ ካላችሁ ግን ሙዚቃው የተቀመጠበትን ቪዲዮ መላክ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን አንዷ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ናትና በእጅ አትያዝም። የሁለታችሁም ፋይል ፍሬም ፍጥነት አንድ መሆኑንም አረጋግጡ፤ አንዱ 24፣ ሌላው 23.976 ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ይራራቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የለንደኑ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ኦዲዮሙቨርስን ገዝቶታል፤ አልገረመኝም።

አንድ ፊልም ብቻ ለያዘ ሰው በሚክስ ሰሞን የአጭር ጊዜ ክፍያውን መክፈል ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ለዳይሬክተራችሁ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይገኝላት። በላፕቶፕ ስፒከር የከበሮው ወፍራም ድምፅ ጨርሶ አይሰማም፣ «ከበሮው ይጨመር» እያለች ሚክሱን ታስበላሻችኋለች።